ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ለምን ቀድሞ ይበላሻል?

መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ፣ የውሃ ፈረቃው ሲዛባ ወይም ገበያው አልቀመስ ሲል ጓዳው ሙሉ የሆነ ሰው ይረጋጋል። መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ በተገኘ ሰሞን ብዙዎቻችን ይህን የተረዳነው ሱቅ በር ላይ ተሰልፈን ነው። ከዚያ ወዲህ አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ ምስሩንም፣ ዘይቱንም፣ ጤፉንም ከዕለት ፍጆታው አስበልጦ ይይዛል። ጥሩ ነው። የሚያናድደው ማዳበሪያው ሲፈታ እህሉ ነቅዞ፣ ሻግቶ ወይም ሸትቶ ሲገኝ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከታች ካሉት ችግሮች የሚበዙትን ወደ ኋላ ብትከተሏቸው የሚያደርሷችሁ እርጥበት ላይ ነው። ስለዚህ ከማስቀመጫ ዕቃ በፊት የእህሉን ድርቀት እዩ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ትንሽ አቆይታችሁ ስታዩት ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ጓዳ አይግባ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ካልተለጠፈ ደህና ነው። በጥቅምትና በኅዳር ትኩስ የተወቃ እህል ርካሽ መስሎ ሊያጓጓ ይችላል። ለማከማቸት ግን ጥርና የካቲት ይሻላሉ፤ እህሉ ደርቋል፣ ገበያውም አብዛኛውን ጊዜ ረገብ ይላል።

ምልክት፦ ሽምብራው ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ፣ ከማዳበሪያው ሥር ዱቄት

ይህ ነቀዝ ነው። ብዙ ሰው ነቀዙ ጓዳ ውስጥ ገብቶ የበላ ይመስለዋል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከእርሻው ወይም ከነጋዴው መጋዘን አብሮ የመጣ ነው። እንቁላሉ ፍሬው ላይ ወይም ውስጡ ይጣላል፣ ትሉ እዚያው ፍሬው ውስጥ ያድጋል፣ ሲጎለምስ ቀዳዳውን ከፍቶ ይወጣል። ሞቃት አካባቢ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ወር ገደማ ነው። ዛሬ ንጹሕ መስሎ የገዛችሁት ሽምብራ በወሩ የሚቦነው ለዚህ ነው።

በሰፌድ አበጥሮ መመለስ ታዲያ ለጥቂት ሳምንት ነው የሚያገለግለው። የሚታየው ሄደ እንጂ ፍሬው ውስጥ ያለው አልሄደም። ተራ ስጥም ቢሆን ትልልቆቹን ያባርራል እንጂ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አይገድልም። ሙቀቱ እንዲበረታ ከሥር ጥቁር ፕላስቲክ አንጥፉ፣ እህሉን ስስ አድርጋችሁ በትኑት፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ አልብሳችሁ ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ፀሐዩ ጠንካራ በሆነበት ቀን ከረፋድ እስከ ከሰዓት ቢቆይ ውስጡ ያለውም ይሞታል። ጥቂት ኪሎ ከሆነና ፍሪዘር ካላችሁ ለ4 ወይም ለ5 ቀን እዚያ ማቆየት ይቀላል። ሲወጣ ግን ከረጢቱን ወዲያው አትፍቱት። ቅዝቃዜው እስኪለቅቀው ካልጠበቃችሁ ላብ ይይዘውና ከነቀዝ ወደ ሻጋታ ትሻገራላችሁ።

ከዚያ በኋላ አየር የማያስገባ ዕቃ ነው ቁም ነገሩ። ነቀዝ እንደኛው ይተነፍሳል። ጢም ብሎ የሞላና በደንብ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለውን ትንሽ አየር ይጨርስና ይሞታል። ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ባለሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራው በዚህ ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ። ከተማ ላይ የታጠበና ሙሉ በሙሉ የደረቀ ጀሪካን ያንኑ ይሠራል። ለምስርና ለክክ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ አይናቅም። ዋናው እስከ አፉ መሙላት ነው። ግማሽ ጎደሎ ጀሪካን ለነቀዝ የሚበቃ አየር አለው። በየቀኑ የሚከፈትም ከሆነ ጥቅም የለውም፤ የዕለቱን ለብቻ አውጡ።

ሌላው የአገር ቤት ዘዴ ሽምብራና ማሽላን ከጤፍ ጋር ደባልቆ ማስቀመጥ ነው። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፣ ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ጤፍ ራሱ ከትንሽነቱ የተነሳ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ማከማቸት ለሚፈልግ ሰው ከጤፍ የተሻለ እህል የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሰው በሚኖርበት ቤት አታስገቡ። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ሰውንም ይገድላል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በጓዳና በመኝታ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ አያግደውም። በነቀዝ ምክንያት የሚጠፋው እህል ቢጠፋ ይሻላል።

ምልክት፦ በርበሬው ወይም ሽሮው ጓጉሎ፣ ሽታው ተለውጦ

ሁለት ነገር መለየት አለበት። ቀለሙ ብቻ የደበዘዘ በርበሬ ብርሃንና አየር አግኝቶት ነው። ጣዕሙ ይቀንሳል፣ ጉዳት የለውም። ወደ ጨለማ ቦታ አዛውሩትና ተጠቀሙበት። የጓጎለና የምድር ቤት ሽታ ያለው ግን ሻጋታ ይዞታል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካያችሁበት ደግሞ ማጣራትም አያስፈልግም።

መነሻው ብዙውን ጊዜ ዝግጅቱ ላይ ነው። ዛላ በርበሬ እንዳይሰባበር ተብሎ አንዳንዴ ውሃ ይረጭበታል። ቤት መጥቶ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሲወቀጥ ደግሞ ሌላ እርጥበት ይጨመርበታል። ከዚያ ሰማዩ ይዳምናል፣ ስጡ በግማሽ ቀን ይነሳል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ከወፍጮ የወጣ ትኩስ ዱቄት ወዲያው ጀሪካን ውስጥ ሲታሸግም ላቡ እዚያው ይቀራል። መፍትሄው ትዕግሥት ነው። የደረቀውን ቆንጥራችሁ ስታጥፉት ካልተሰበረ ገና ነው። ተፈጭቶ ሲመጣም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ክተቱት።

የሻገተውን ምን እናድርገው? እዚህ ላይ ከእናቶቻችን ጋር ልጣላ ነው። «ከላይ ያለውን ጥረጊና የቀረውን ደህና አድርገሽ አብስይው» የሚባለው አይሠራም። በሻገተ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኦቾሎኒና በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። የምናበስልበት ሙቀት አያጠፋውም። ሻጋታው በዓይን በማይታይበት ዱቄት ውስጥም ሊኖር ይችላል። ለላም መስጠትም መፍትሄ አይደለም፤ መርዙ በወተቱ ተመልሶ ይመጣል። ይጣል።

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣላችሁ ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሽሮና በርበሬውን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት።

ምልክት፦ የጤፍ ዱቄቱ ትል አፈራ

እህሉን ሳይሆን ዱቄቱን አከማችታችኋል። ዱቄት ከፍሬ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል፤ ቶሎ ይሸታል፣ እርጥበት ይስባል፣ የዱቄት ተባይም ይወደዋል። ለወር የሚበቃውን ብቻ አስፈጩ፣ የቀረው በፍሬ ይቀመጥ። መብራት ከጠፋ ወፍጮ ቤቱም እንደሚቆም ግን አትርሱ። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ዱቄት ሁልጊዜ ቤት ይኑር።

ምልክት፦ ቅቤው ሸተተ፣ ዘይቱ ረጋ

ቅቤ ሲነጠር ውሃው ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ዕድሜ የለውም። በደንብ የተነጠረ ቅቤ መጀመሪያ ሲንጫጫ ይቆያል፣ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይጠፋል፣ አተላው ወደ ታች ይወርዳል። ድምፁ ሳይጠፋ ያወጣችሁት ከሆነና ገና ካልሸተተ በቀስታ እሳት መልሳችሁ አንጥሩት፣ በጨርቅ አጥልሉት፣ ደረቅ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። አንዴ ከሸተተ ግን ኮረሪማና ኮሰረት ቢጨመርበት ሽታውን ይሸፍን ይሆናል እንጂ ቅቤውን አይመልሰውም።

የረጋው ዘይት ጉዳይ ቀላል ነው። የፓልም ዘይት ብርድ ሲነካው ይረጋል፣ ተፈጥሮው ነው። ሲሞቅ ይመለሳል። የዘይት ጠላቱ ብርድ ሳይሆን ፀሐይ ነው፤ መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ለአንድ ቤተሰብ ከ20 ሊትር አንድ ጀሪካን ይልቅ አራት ባለ 5 ሊትር ይሻላል። አንዱ ሲከፈት ሌላው እንደታሸገ ይቆያል።

ምልክት፦ ባቄላው ቢቀቀል ቢቀቀል አልበስል አለ

አርጅቷል። ጥራጥሬ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ብዙ ከቆየ እንደ ጠጠር ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማታ በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ያንን ውሃ ደፍታችሁ በሌላ ቀቅሉት። ወይም አስቆልታችሁ ሽሮ አስፈጩት፤ ላረጀ ባቄላ ይህ የተሻለው ነው። ከሰል ወይም ጋዝ በሚቆጠብበት ጊዜ ባቄላ ለሦስት ሰዓት መቀቀል አያዋጣም። ለክፉ ቀን ክክና ምስር ይመረጣሉ።

ምልክት፦ የጀሪካኑ ውሃ አረንጓዴ ሆነ ወይም ሸተተ

ምግብ ሞልቶ ውሃ የሌለበት ጓዳ ብዙ አይቻለሁ። ለመጠጥና ለማብሰል ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል አስቡ። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 60 ሊትር ነው፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ልብስ ማጠቢያው ከዚህ ውጪ ነው።

አረንጓዴው የሚመጣው ብርሃን የሚያስገባ ዕቃ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ነው። ሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ነው፤ በተለይ ዘይት የነበረበት ጀሪካን በደንብ ሳይታጠብ ሲቀር። ኬሚካል ወይም ጋዝ የነበረበትን ጀሪካን ግን ቢታጠብም ለመጠጥ አትጠቀሙበት። ውሃውን ድፉት፣ ዕቃውን በሳሙና እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ በየስድስት ወሩ ለውጡ።

ውሃውን ለማከም «ውሃ አጋር» የሚባለው ማከሚያ ካላችሁ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ከሌለ ሽቶ ያልተጨመረበት ከ5 በመቶ ያላነሰ በረኪና ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ፣ ደፍረስ ካለ 4 ጠብታ፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የምታፈሉት ከሆነና ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ከሆናችሁ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ምልክት፦ መብራት ጠፋ፣ ፍሪጁ ሙሉ ነው

አትክፈቱት። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጢም ያለ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ብቻ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ባዶ ቦታ ካለ በፕላስቲክ ውሃ ሞልታችሁ አስቀዝቅዙበት፤ በረዶውም ያግዛል፣ ሲቀልጥም ይጠጣል። ሥጋን ለረጅም ጊዜ ማመን ያለባችሁ በቋንጣ እንጂ በፍሪዘር አይደለም።

ምልክት፦ ጣሳው አብጧል፣ ቀኑም ግራ ያጋባል

ያበጠ፣ ያፈሰሰ ወይም ሲከፈት የሚረጭ ቲማቲም ድልህና ሳርዲን አይቀመስ። ለመሞከርም ቢሆን። ቀኑን በተመለከተ ከውጭ የሚገባው ዕቃ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፍ የዓመቱ ልዩነት ያሳስታል። ስትገዙ በእኛ አቆጣጠር ለውጣችሁ በእስክሪፕቶ ጻፉበት። አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት። አይጥ ካለ ደግሞ ጀሪካንም ይበሳልና ከረጢቶቹን ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ ክተቱ። በርሜሉም ከወለል በርብራብ፣ ከግድግዳ በትንሽ ክፍተት ይራቅ።

ምልክት፦ ሁሉም አለ፣ ማብሰያ የለም

ምጣዱ በኤሌክትሪክ፣ ምድጃውም በኤሌክትሪክ። አንድ መጠባበቂያ ቡታጋዝ ወይም የከሰል ምድጃ ይኑራችሁ። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነድም፤ ለሙቀት ብሎ አስገብቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ጭሱ አለመታየቱ አያታልላችሁ።

ከዚያ ይልቅ እሳት የማይጠይቅ ስንቅ መያዝ ይቀላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ድርቆሹ ከመታሸጉ በፊት በእጅ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት፤ ከታጠፈ ይሻግታል። በሶን ከስኳር ወይም ከጨው ጋር በተጣራ ውሃ በጥብጦ ልጅም አዋቂም መዋል ይችላል። የሦስት ቀን ያህል አንድ ዕቃ ውስጥ ለብቻ አድርጉና ልጆች የማይደርሱበት ላይ አስቀምጡት፤ ዳቦ ቆሎ ያለበት ዕቃ ከታወቀ ሳምንት አይሞላም።