ውሃ እያለ የተጠማች ፍየል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

በረት ውስጥ የምትታለብ ፍየል ወተቷ ሲቀንስ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መኖውን ነው። ፉርሽካ እንጨምራለን፣ ፋጉሎ እንገዛለን። ወተት ግን 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ገንዳው ሞልቶ እያለ እሷ ካልደረሳት የጨመርነው መኖ ትርፉ ወጪ ነው።

ምልክቱ

ቅናሹ ሁሉም ላይ አይታይም። ሁለት ሦስት ፍየሎች ብቻ ይቀንሳሉ። ብዙ ጊዜ ቀንድ የሌላቸው፣ አዲስ የገቡ ወይም ገና የመጀመሪያቸውን የወለዱ ናቸው። በጠጣቸው ይደርቃል። ድርቆሹን ትንሽ ቀማምሰው ይተዉታል፤ ውሃ ያጣች ፍየል ደረቅ ነገር አይወርድላትም። መንጋው በሙሉ በአንድ ቀን ከቀነሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውሃው ቆሽሾ፣ ቧንቧው ተዘግቶ ወይም መኖው ተቀይሮ ይሆናል።

ለማረጋገጥ፣ ከታለቡና ድርቆሽ ከበሉ በኋላ ራቅ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። ፍየል በደንብ የምትጠጣው ያኔ ነው። ጉልበተኛዋ ቀድማ ትጠጣለች። ጠጥታ ስትጨርስ ግን ሁልጊዜ አትሄድም፤ ጎኗን ለገንዳው ሰጥታ ትቆማለች። ደካማዋ ትንሽ ትጠጋለች። ጉልበተኛዋ አንገቷን ዞር ስታደርግ አይታ ትመለሳለች። መዋጋት የለም፣ ጩኸት የለም። ብዙ አርቢ «የእኔ ፍየሎች አይጣሉም» የሚለው ለዚህ ነው።

ከዚያ የጠረጠራችኋትን ለብቻዋ አውጥታችሁ ንጹህ ውሃ በባልዲ ስጧት። ቀና ሳትል ከጨለጠችው ምክንያቱ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ ሳትጠጣ የዋለች ከመሰላችሁ ግን በአንዴ አትልቀቁላት፤ እያሳረፋችሁ ጥቂት በጥቂት ይሁን። ጭራሽ አልጠጣም ካለች ወይም ዓይኗ ከጎደጎደ የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ምክንያቱ

ዋናው፣ ገንዳው አንድ መሆኑ ነው። ጥግ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ይብሳል፤ ደካማዋ ገብታ ብትያዝ መውጫ የላትም፣ ስለዚህ ከነጭራሹ አትገባም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጠዋትና ማታ ብቻ ይሞላና ሁሉም በአንዴ ይጋፋሉ። መጨረሻ የምትደርሰው ገለባና በጠጥ የገባበትን ታገኛለች። ፍየል ደግሞ የቆሸሸ ውሃ ትጸየፋለች።

መፍትሄው

ትልቅ ገንዳ አትግዙ። ሁለት ትንንሽ ይሻላሉ። ጉልበተኛዋ አንዱን ትጠብቃለች፤ ተራርቀው ከተቀመጡ ሁለቱን አትችልም። አንዱን በዚህ ግድግዳ፣ ሌላውን በማዶ አድርጉ። ከጥግ አውጥታችሁ ግራና ቀኝ ማምለጫ ባለበት በግድግዳው መሃል ላይ ይሁን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጎኑን ቀዳችሁ ከአጥሩ ውጪ ብታስሩት ይበቃል። ጭንቅላቷን ብቻ አሹልካ ትጠጣለች፣ በጠጥም አይገባበትም። የሚላሰውን አሞሌ ከውሃው አርቁት፤ ጉልበተኛዋን እዚያው ያቆያታል።

የምትታለብ ፍየል በቀን ከ5 እስከ 10 ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። ትንንሾቹ ያገር ዝርያዎች ያነሰ ይበቃቸዋል፤ በሙቀትና ድርቆሽ ሲበዛ ደግሞ ፍላጎቱ ይጨምራል። ሌሊትም ውሃ አይጥፋ። ደካሞቹ ዕድል የሚያገኙት አለቆቹ ሲተኙ ነው። በርሜል ወይም ሮቶ ቢኖራችሁ የፈረቃው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። ደጋ ላይ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ስጡ፣ የበለጠ ይጠጣሉ።

ባለቀንዶቹንና ቀንድ የለሾቹን መለየት ከቻላችሁ ለዩ። ቦታ ከጠበበ ከታለቡ በኋላ ላለው ሰዓት ብቻ እንኳ ለያዩዋቸው። አዲስ ስታስገቡ አንድ ብቻዋን አታስገቡ፣ ከምታውቃት ጋር ይሁን።

ወተቱን በአንድ ባልዲ እየቀላቀላችሁ ለውጡ አይታያችሁም። የእያንዳንዷን ለየብቻ እየለካችሁ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ የአንዷ ካልተመለሰ፣ እሷ በምትተኛበት በኩል ሦስተኛ ጀሪካን እሰሩ።