የላቲን አባባል ከመጥቀሳችሁ በፊት እንዴት ይጣራል?

በምረቃ መጽሔት ከፎቶው ሥር በምትሰፍረው «ላስት ወርድ»፣ በትምህርት ቤት ዓርማ፣ በክንድ ንቅሳት ላይ የላቲን አባባል አይጠፋም። ላቲንን ከእናቱ አፍ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ከጠፋ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። አባባሎቹ ግን ገበያቸው አልቀዘቀዘም። አጭር ናቸው፣ ለጆሮ ይጥማሉ፣ ከሁሉም ነገር ጋር ይሄዳሉ። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ከሁሉም ጋር የሚሄዱት ከነበሩበት ዓረፍተ ነገር ተቆርጠው ስለወጡ ነው። አንዳንዶቹን ወደ ቦታቸው ስትመልሷቸው ጭራሽ ሌላ ነገር ሲናገሩ ታገኟቸዋላችሁ። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ።

1. ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ

«ካርፔ ዲየም»ን እንውሰድ። ብዙ ሰው «ዓለምህን ቅጭ» ብሎ ነው የሚረዳው፤ አስረሽ ምቺው ዓይነት ነገር። ባለቤቱ ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ ነው። ግጥሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ23 ዓመት ገደማ በወጡት «ኦዶች» ውስጥ፣ አንደኛው መጽሐፍ ላይ 11ኛው ነው። ስምንት መስመር ብቻ ስለሆነ ሙሉውን አንብቡት።

ሆራስ የሚያናግረው ሌውኮኖኤ የምትባል ሴትን ነው። ዕድሜያችን ስንት ይሆን ብላ የባቢሎን ኮከብ ቆጣሪዎችን ስሌት መነካካት ጀምራለች። ተይው ይላታል። ጊዜው ክረምት ነው፤ የቲሬኒያ ባሕር ከዓለቱ ጋር ይላተማል። ይህ የመጨረሻ ክረምታችን ይሁን ወይ ሌላም ይጨመርልን፣ አናውቅም። የወይን ጠጅሽን አጥልዪ፣ ረጅሙን ተስፋ አሳጥሪው፣ እያወራን እንኳ ጊዜው እየሸሸ ነው። «ካርፔ ዲየም» የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ዛሬን ቅጠፊ፣ በነገ ግን እምብዛም አትተማመኚ። ጭፈራ የለም፣ ተበድሮ ሽርሽር የለም። ቤት ቁጭ ብሎ ጠጅ ስለማጥለል ነው የሚያወራው። ለእኔ እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ይበልጥ ያምራል።

2. ማን፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንደተናገረው እዩ

ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው። «ኖን ስኮሌ ሴድ ቪቴ ዲሺሙስ» የሚለው የትምህርት ቤቶች መፈክር ነው፦ የምንማረው ለትምህርት ቤት ሳይሆን ለሕይወት ነው። ከሥሩ የሮማዊው ፈላስፋ የሴኔካ ስም ይጻፍበታል። ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪሊየስ በጻፈው 106ኛ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ያለው ግን ተቃራኒው ነው፦ የምንማረው ለሕይወት ሳይሆን ለትምህርት ቤት ነው። ሰውዬው እያማረረ ነበር። ኋላ የመጡ ሰዎች ገለበጡትና መፈክር አደረጉት።

«ቮክስ ፖፑሊ፣ ቮክስ ዴኢ» ደግሞ ይብሳል። የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ማለት ነው፤ ለፖለቲከኛ የተመቸ። ሊቁ አልኩዊን በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለፍራንኮች ንጉሥ ለሻርለማኝ ሲጽፍ ያነሣው ግን «እንዲህ የሚሉትን አትስማቸው» ብሎ ነው። የሕዝብ ግርግር ምንጊዜም ለዕብደት የቀረበ ነው ሲልም ምክንያቱን ጨምሯል።

3. መጀመሪያውኑ በላቲን ተብሎ እንደሆነ አረጋግጡ

ጁሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 የሩቢኮን ወንዝን ሲሻገር «ዕጣው ተጣለ» አለ ይባላል። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ በላቲን ጽፎታል። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ግን በግሪክኛ ነው የተናገረው ይላል፤ ከግሪካዊው ተውኔት ደራሲ ከሜናንደር የተወሰደ ስንኝ ነው። ቄሳር ሲገደል ለወዳጁ ለብሩቱስ ተናገረው የሚባለው «ኤት ቱ፣ ብሩቴ» (አንተም፣ ብሩቱስ?) ደግሞ ዝናውን ያገኘው ከሼክስፒር መድረክ ነው። «ጥበብ ረጅም ናት፣ ሕይወት አጭር» የሚለውም ከጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ከሂፖክራተስ ጽሑፎች፣ ከግሪክኛ የመጣ ነው። ጥበብ ሲል ሕክምናን ነው እንጂ ሥዕልና ዘፈንን አይደለም።

ላቲን ሁሉ ከጥንታዊቷ ሮማ የመጣ አይደለም። የሕግ ተማሪዎች የሚያውቁት «ኑሉም ክሪመን ሲኔ ሌጌ»፣ ማለትም ያለ ሕግ ወንጀል የለም የሚለው፣ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመናዊው የሕግ ሊቅ በፎየርባኽ ብዕር ነው። ሐሳቡ በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 ላይ አለ።

4. ጮክ ብላችሁ በሉት

የእነዚህ አባባሎች ግማሽ ኃይላቸው ድምፃቸው ላይ ነው። ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ47፣ ዛሬ ቱርክ በሆነው ዜላ ላይ የጶንጦስን ንጉሥ ፋርናከስን ድል አደረገ። ስዌቶኒየስ እንደሚለው ቄሳር በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ፣ ጠላት በታየ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ነገሩ አለቀ። በድል ሰልፉ ላይ ሦስት ቃል ብቻ የተጻፈበት ሰሌዳ አሠለፈ፦ «ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪቺ»። አጀማመራቸው አንድ፣ አጨራረሳቸው አንድ። በአማርኛ «መጣሁ፣ አየሁ፣ ረታሁ» ብትሉት ምቱ ይቀራረባል፤ «አሸነፍኩ» ካላችሁ ይሰበራል።

የጥንት ሮማውያን «ዌኒ፣ ዊዲ፣ ዊኪ» ነበር የሚሉት። «ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪቺ» የቤተ ክርስቲያን ላቲን አነባበብ ነው። ሁለቱም ይሄዳል፤ አትቀላቅሉ ብቻ።

5. በማሽን ትርጉም አዲስ አትፍጠሩ

በተለይ ለንቅሳት። የላቲን ስም መጨረሻው እንደ ሥራው ይለዋወጣል፤ አንድ ፊደል ስትሳት አፍቃሪው ተፈቃሪ ይሆናል። ላቲን የተማረ የካቶሊክ ካህን ካገኛችሁ አሳዩት። ካላገኛችሁ ከድሮ ጀምሮ ያለውን አባባል ተጠቀሙ። አማርኛውም ካለ እሱን ቅደሙ፤ የሮማው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ይወደው ለነበረው «እየቸኮልክ ዝግ በል» የእኛው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይቀርበዋል።

6. አንዱን ወስዳችሁ ሞክሩበት

«ከአፍሪካ ሁልጊዜ አዲስ ነገር አለ» የሚለውን በአህጉራዊ ስብሰባዎች ትሰሙታላችሁ። አባባሉ የተያያዘው ከሮማዊው ጸሐፊ ከታላቁ ፕሊኒ ስም ጋር ነው። ሙሉውን ስትፈልጉ «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው ሥራው 8ኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ ስለ አንበሳ በሚያወራበት ቦታ ታገኙታላችሁ። ውኃ ስለሚጠፋ አራዊት በጥቂት ወንዞች ዳር ይሰበሰባሉ፣ እርስ በርስ ይዳቀላሉ፣ እንግዳ ፍጥረት ይወለዳል ይላል። በላቲንም አልተጀመረም፤ ፕሊኒ ራሱ የግሪኮች ተረት ነው ብሏል፣ አርስጣጣሊስም ቀደም ብሎ ስለ ሊቢያ ጽፎታል። ባነሩን ለማሳተም የተጣደፈ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት።