የፋርማሲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ሥራ ፍለጋውን እንዴት ያቅዳል?

የፋርማሲ ተመራቂ በመንግሥት ምደባ ወደየክልሉ ይሄድ የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ ዲግሪውን የያዘ ወጣት ማስታወቂያ ፈልጎ፣ ተፈትኖና ተወዳድሮ ነው የሚቀጠረው። በሆስፒታል ፋርማሲ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በኋላም ከቅጥር ኮሚቴ ጋር ተቀምጬ ስፈትን፣ ጎበዝ ተማሪዎች ዕውቀት አንሷቸው ሳይሆን ዝግጅቱን ዘግይተው በመጀመራቸው ብቻ ወደ ኋላ ሲቀሩ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው አምስተኛ ዓመት ለገባችሁና ለመግባት ለተዘጋጃችሁ ነው።

ሁለት ዘርፍ ምረጡ

«የተገኘውን እሠራለሁ» ማለት ለየትኛውም ሥራ አያዘጋጅም። ሁለት ዘርፍ ምረጡ፤ አንዱ የምትመኙት፣ ሌላው በቅርብ ልታገኙት የምትችሉት ይሁን። የመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ አለ። የከነማ፣ የቀይ መስቀልና የግለሰብ መድኃኒት ቤቶች አሉ። በአዲስ አበባና በየክልሉ ቅርንጫፍ ያለው የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት አለ። አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች አሉ፤ ለጥራት ቁጥጥርና ለምርት ክፍላቸው ባለሙያ የሚቀጥሩ የመድኃኒት ፋብሪካዎችም አሉ። የቁጥጥር ሥራ የሚስባችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን እና የክልል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችን ተከታተሉ፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011ንም ከአሁኑ አንብቡት።

ለጀማሪ የመድኃኒት አስተዋዋቂነትን የመጀመሪያ ሥራ አድርጎ አልመክርም። ደመወዙ ማራኪ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ኩባንያ ምርቶች ዙሪያ ብቻ ስትሽከረከሩ ትምህርት ቤት የቀሰማችሁት ሰፊው ዕውቀት ቶሎ ይደበዝዛል። ሁለት ዓመት ከታካሚ ጋር ከሠራችሁ በኋላ ብትገቡበት ግን ሐኪሙም በሌላ ዓይን ያያችኋል።

አታችመንቱን እንደ ሥራ ቁጠሩት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። አታችመንት፣ ማለትም የመጨረሻው ዓመት የተግባር ልምምድ፣ ፊርማ ሰብስቦ ለማለፍ የሚደረግ ነገር አይደለም። የፋርማሲው ኃላፊ በየቀኑ ያያችኋል፤ ሰዓት ማክበራችሁን፣ ታካሚን እንዴት እንደምታነጋግሩ፣ የማታውቁትን «ላጣራ» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ወይም በግምት እንደምትመልሱ ይመዘግባል። ክፍት ቦታ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታወሰው ያ ምዝገባ ነው።

በዋርድ (ተኝተው በሚታከሙ ሰዎች ክፍል) ስትመደቡ ትንሽ ደብተር ያዙ። የታካሚውን ስምና የካርድ ቁጥር በጭራሽ አትጻፉ፤ ችግሩን፣ የሰጣችሁትን ሐሳብና ሐኪሙ የወሰነውን ብቻ አስፍሩ። ለምሳሌ የደም መርጋት መከላከያውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ታዝዞ ብታዩ፣ የመድማት አደጋው እንደሚጨምር ለማን ተናገራችሁ? ከዚያስ ምን ተደረገ? የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለች ሴት ሪፋምፒሲን እየወሰደች የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ብትጠቀም፣ እንክብሉ እንደሚዳከምባት ነገራችኋት? በቃለ መጠይቅ «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?» ሲባል «ታታሪ ነኝ» ከማለት እንዲህ ያለ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ መተረክ እጅግ ይበልጣል። ፈታኙ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃችሁ ስለ ራሳችሁ ሥራ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ከእናንተ በላይ አያውቀውም።

ብዙ ተማሪ የሚሸሸው ስቶሩን ነው። አቧራ አለው፣ ካርቶን መሸከም አለው፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚታይበት ቦታም አይደለም። እኔ ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ስቶር እንድትመደቡ ራሳችሁ ጠይቁ እላለሁ፤ ምክንያቱም ጤና ጣቢያ የሚቀጠር ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር መድኃኒት የመጠየቅ ኃላፊነት ይወድቅበታል። ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ሙሉ፤ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈውን ቀድሞ ማውጣትን በእጃችሁ ተለማመዱ፤ የሪፖርትና የጥያቄ ቅጹን ከስቶር ኃላፊው ጋር ተቀምጣችሁ አስሉ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ጤና ተቋማት በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ከፍተኛው የክምችት መጠን የአራት ወር ፍጆታ ነው። በሁለቱ ወር 600 ፓኬት ከወጣ፣ ከፍተኛው ክምችት 1,200 ይሆናል። በእጅ 350 ካለ የሚጠየቀው 850 ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ በመካከል ለአንድ ወር ጠፍቶ ከነበረ፣ ያ 600 የእውነተኛው ፍላጎት ግማሽ ሊሆን ይችላል፤ እንዳለ ካስላችሁት በሚቀጥለው ዙርም መድኃኒቱ ይጠፋል፤ ሕመምተኛውም ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ማስተካከያ ሳይነገረው ያነሣ ተፈታኝ እኔ ባለሁበት ኮሚቴ ሁልጊዜ ጎልቶ ታይቷል።

ከእያንዳንዱ ቦታ ከመውጣታችሁ በፊት የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። ከወራት በኋላ ስትመለሱ ኃላፊው ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

ሰነድ

ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ መታወቂያ፤ ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ በኢሜይላችሁ አስቀምጡ። በተለይ የስማችሁን አጻጻፍ አመሳክሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ፊደል ቢጨመር ወይም ቢጎድል፣ «የአንድ ሰው መሆኑን አረጋግጥ» ተብላችሁ ልትመላለሱ ትችላላችሁ። ስሕተት ካለ ገና ግቢ ውስጥ ሳላችሁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ አስተካክሉ። የወጪ መጋራት ውላችሁንም ቅጂ ያዙ።

የሙያ ፈቃድ ምዘና

ያለ ሙያ ፈቃድ የትም አትቀጠሩም፤ ስለዚህ ለምዘናው የምታጠኑበትን ጊዜ ከማመልከቻው ጋር አታደባልቁ። በቡድን አጥኑ። ያለፉ ጥያቄዎች ናቸው ተብለው በቴሌግራም የሚሸጡ ወረቀቶች ላይ ገንዘባችሁን አታጥፉ፤ ብዙዎቹ የተሳሳተ መልስ የያዙ ናቸው።

ማስታወቂያ ፍለጋ

የረቡዕና የእሑድ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንን፣ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾችንና የቴሌግራም ቻናሎችን ተከታተሉ። ይህ ግን ከተማ ላይ ያለውን ብቻ ያሳያችኋል። የወረዳና የዞን ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ ይነሣል። ስለዚህ ከተለያየ አካባቢ የመጣችሁ የክፍል ጓደኞች ተስማሙ፤ እያንዳንዱ የቤተሰቡን ከተማ ሰሌዳ ይይ፣ ፎቶ አንሥቶ ለሌሎች ይላክ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አትርሱ፤ አዳዲስ መደቦች ከበጀቱ ጋር ስለሚመጡ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ንቁ ሁኑ። ለቅጥር ገንዘብ ቀድማችሁ ክፈሉ የሚላችሁን ሰው ሸሹ።

ሲቪ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። «ዓላማዬ» የሚለውን አንቀጽ አውጡና በምትኩ የተለማመዳችሁባቸውን ክፍሎችና የሠራችሁትን ጻፉ።

የጽሑፍ ፈተና

የመጠን ስሌት አይቀርም። 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በቀን በኪሎ 40 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን በሁለት ተከፍሎ ለሰባት ቀን ቢታዘዝ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ከያዘው በውኃ የሚበጠበጥ ሽሮፕ በአንድ ጊዜ 4.8 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። ለሰባት ቀን 67.2 ሚሊ ሊትር ስለሚያስፈልግ የ60 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እንደማይበቃ፣ እናትየውም በምን ለክታ፣ በስንት ንጹሕ ውኃ በጥብጣ፣ እስከ መቼ እንደምትጠቀምበት መንገር እንዳለባችሁ ጨምሩ። ሥራው ያ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

የግል መድኃኒት ቤት ከሆነ እዚህ ላይ ተረጋጉ። ባለቤቱ የተቋሙን ፈቃድ የሚያወጣው በእናንተ የሙያ ፈቃድ ነው። አንዳንዱ «መምጣት አይጠበቅብህም፤ ፈቃድህን ስቀልልን፣ በየወሩ እንከፍልሃለን» ይላል። ገንዘብ ለቸገረው አዲስ ተመራቂ ይህ ትልቅ ፈተና ነው፤ ወላጆቹ ዓመታት ደክመው ያስተማሩት ልጅ ባዶ እጁን ቤት መቀመጥ ይከብደዋል። ሆኖም እባካችሁ እምቢ በሉ። ባልሠለጠነ ሰው እጅ ያለ ማዘዣ የተሰጠው አንቲባዮቲክ፣ ለሱስ የተሸጠው የሕመም ማስታገሻ ትራማዶል፣ በስሕተት የተለወጠው መድኃኒት ሁሉ የሚመዘገበው በስማችሁ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚፈልገው እናንተን ነው፤ ሰው ሲጎዳም የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

በአካል ለምትሠሩበትም ቢሆን ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ጊዜና ሲለቁ ደብዳቤ የሚሰጥበት ቀን ይካተት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ አሠሪውም ሥራው ሲቋረጥ የሥራ ዓይነቱን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ የግል ድርጅት ተተኪ አላገኘሁም ብሎ መልቀቂያዬን ስላዘገየብኝና ስሜ እዚያ ተመዝግቦ በመቆየቱ ሌላ ቦታ መመዝገብ ስላልቻልኩ ነው። የተቀጠርኩበት ሆስፒታል ትዕግሥት ባይኖረው ኖሮ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጥ ነበር።

ስለዚህ በምትለቁበት ጊዜ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ሰጥታችሁ ቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማ ያዙ። በተለይ ልዩ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ከተረካቢው ጋር ቆጥራችሁ ተፈራረሙ፤ ዋናውን የሙያ ፈቃዳችሁን በእጃችሁ መልሱ፤ የመልቀቂያውንም ቅጂ ተቋሙን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ወስዳችሁ አስገቡ።