«ዊንዶው ቀይርልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ድሬዳዋ ከዚራ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኛ ገና ከባጃጅ ሳይወርድ ይጀምራል፤ «አቦ፣ ዊንዶው ቀይርልኝ!» ምን ሆነ ስለው «አርጅቷል» ይላል። ከፍቼ ሳየው ብዙውን ጊዜ ያረጀው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዊንዶውሱ ሳይነካ የሚድነውን እንይ።

ችግር፦ ላፕቶፑ ተከፍቶ እስኪያልቅ ከአቦል ቶና ይደረሳል።

ምክንያት፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ምንም ሳትሠሩበት ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ከተቸከለ፣ ጥፋተኛው የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሄ፦ በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ ቀይሩት። ራሙ (የሥራ ሜሞሪው) 4 ጊጋ ከሆነ 8 አድርጉት። በዚህ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ለደከመ አህያ ጭነት መጨመር ነው።

ችግር፦ ቀን ቀን በሥራ መሀል ድርግም ይላል፤ ማታ ደህና ነው።

የድሬ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ ሙቀትና አቧራ ነው። ፋኑ ሲታፈን ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። አስጠርጉት፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ደርቆ ከሆነም ይቀየር። በርጫ ላይ ላፕቶፑን ትራስ ላይ የምታስቀምጡ ደግሞ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። መተንፈሻው ከሥር ነው!

ችግር፦ ኢንተርኔት አለ፤ ድረ ገጾች ግን «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም።

ምክንያት፦ ቀኑን እዩት። አብዛኛው ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፍኬት አለው፤ ሰርተፍኬቱ ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ከሄደ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። አንድ ደንበኛዬ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ሞልቶት ነበር። ሁለት ጊዜ ፎርማት ካስደረገ በኋላ ነው እኔ ጋ የመጣው።

መፍትሄ፦ ቀኑን በፈረንጅ አስተካክሉ። ባጠፋችሁት ቁጥር ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ባትሪ ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

ችግር፦ ክሮም «ከእንግዲህ አፕዴት አይደረግም» ይላል፣ አዳዲስ ፕሮግራሞች አልጫን ይላሉ፣ ወይም ዊንዶውሱ ራሱ ድጋፍ አበቃ የሚል መልእክት ያመጣል።

እዚህ ላይ ነው በእርግጥም መቀየር ያለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጃንዋሪ 14፣ 2020፣ ለ8.1 ጃንዋሪ 10፣ 2023፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል። በ7 እና በ8.1 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109ኛው ነው። ኮምፒውተሩ በማግስቱ አይሞትም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚዘናጋው። የሚቀረው የደህንነት መጠገኛው ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንላችሁ የለም። ከሰው ሰው የሚዞር ፍላሽ በየቀኑ የሚሰካበት የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ከሆነ እኔ አንድ ሳምንትም አላቆየውም።

መፍትሄው በፕሮሰሰሩ ይወሰናል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ግቡ። ኢንቴል ከሆነ አይ5 ወይም አይ7 ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ 8250 ከሆነ 8ኛ ትውልድ ነው፣ 6200 ከሆነ 6ኛ። ዊንዶውስ 11 በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ቦታም ይፈልጋል፤ 4 ጊጋ ግን ለወረቀት ነው፣ እኔ ከ8 በታች አልጭንም። ፕሮሰሰሩ አዲስ ሆኖ «ቲፒኤም የለም» ካለ፣ ይህ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ክፍል ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ጠፍቶ ይሆናል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም የሚለውን አብሩት። ዊንዶውስ 10ችሁ ሕጋዊ ከሆነ ወደ 11 መሸጋገሩ በነጻ ነው።

ፕሮሰሰሩ አሮጌ ከሆነስ? መመዘኛውን ዘለው 11ን የሚጭኑ ልጆች ሞልተዋል። ይሠራል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ማሽን አፕዴት እንደሚመጣለት ዋስትና አይሰጥም። ለመጻፍና ኢንተርኔት ለመጠቀም ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ እመክራለሁ። ደንበኛ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ብዙው ግን ይለምደዋል።

ጊዜውንም ምረጡ። የሂሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ሰኔና ሐምሌ ላይ አትንኩት፤ የበጀት መዝጊያ ነው። የሂሳብ ፕሮግራማችሁና ፕሪንተራችሁ ከአዲሱ ጋር እንደሚሠሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ በዚያው ኮምፒውተር ዲ ላይ ማስቀመጥ ባክአፕ አይባልም። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ፤ መብራት መሀል ላይ ከሄደ ዊንዶውሱ አልነሳ ሊል ይችላል።

ችግር፦ ቀይራችሁ ፕሪንተሩ እምቢ አለ።

ከአምራቹ ድረ ገጽ የዊንዶውስ 11 ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ጫኑ። ካልሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚል አለ፤ ወደ ድሮው ይመልሳችኋል። የሚሠራው ግን ለ10 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ማሽኑን ይዛችሁ ኑ፤ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ግን አትምጡ፣ በዚህ ሙቀት እኔም ዘግቼ እተኛለሁ።