ሉሁን ቶሎ አታጥቡት፦ በቁርአን ቤት ዓመት ውስጥ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

በእኔ ልጅነት የምንቀራው፣ ቁርአን የምናነበውና የምናጠናው፣ በሉህ ነበር። ሉህ የተላገ እንጨት ነው። ኡስታዝ፣ አስተማሪያችን፣ ከጥላሸት በተሠራ ቀለም የዕለቱን አያዎች (የቁርአን አንቀጾች) ይጽፉልናል። እኛ ግቢው እስኪናወጥ እየጮህን እንቀራለን። ሲይዝልን ፊታቸው ቁጭ ብለን በቃላችን እናሰማለን። ካለፍን ሉሁ ይታጠባል፣ አዲስ ይጻፍበታል። ካላለፍን ነገም ከነገ ወዲያም ያው ጽሑፍ ነው። ከጓደኞቼ ሉህ ሁሉ የእኔ ሳይታጠብ ሲያድር አልቅሼ ወደ ቤት የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው።

ዛሬ ልጆቻችን የሚቀሩት በሙስሐፍ፣ በታተመ የቁርአን መጽሐፍ፣ ነው። ገጽ ለመግለጥ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። እኔ አሁን እዚሁ ጅማ፣ አስር ከሚባለው የከሰዓት ሰላት በኋላ ሰፈራችን ባለው መድረሳ (የቁርአን ትምህርት ቤት) እየተቀመጥኩ የትንንሽ ልጆችን ሂፍዝ፣ በቃል የያዙትን፣ አደምጣለሁ። የራሴም ልጅ እዚያው ትቀራለች። ዓመቱ እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚያልቅ ከቅርብ አይቻለሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። የምናበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ወላጆች ነን።

«ስንተኛ ጁዝ ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ

እዚህ ጅማ፣ መርካቶ ገበያ ሁለት እናቶች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ይህንን ነው። ጁዝ ከቁርአን 30 ክፍሎች አንዱ ነው። አንዷ «ሦስተኛ ጁዝ» ትላለች። ሌላዋ ልጇ ገና ጁዝ ዐማ፣ ልጆች የሚጀምሩበት የመጨረሻው ጁዝ፣ ላይ ስለሆነ አንገቷን ትደፋለች። ማታ ቤት ገብታ ልጁን ትቆጣለች። በማግስቱ ልጁ እኔ ፊት ቁጭ ብሎ «ቶሎ አሳልፊኝ» ይላል።

ጁዝ ዐማ ቀላል ነው የሚለው ሰው አልቆጠረውም። 37 ሱራዎች (ምዕራፎች)፣ 564 አያዎች አሉት። ብዙ ሰው ቤት ባለው የመዲና ሙስሐፍ ከገጽ 582 እስከ 604 ይሄዳል፤ 23 ገጽ ማለት ነው። ቀን ትምህርት ቤት ውሎ ከሰዓት ለሚመጣ የ7 ዓመት ልጅ ይህን በአንድ ዓመት በደንብ መያዝ ትልቅ ነገር ነው። በእኔ እምነት ደግሞ በቂ ነው። ልጁን መጠየቅ ያለብን «ስንተኛ ደረስክ?» ብለን አይደለም። «እስቲ ባለፈው ወር የያዝከውን አሰማኝ» እንበለው።

አፍ ሳይስተካከል ወደ ፊት መሄድ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ዐረብኛ ከጉሮሮ የሚወጡ 6 ፊደላት አሉት። አማርኛ ተናጋሪ አፉ ውስጥ ያለው ሁለቱ ብቻ ነው፤ አ እና ሀ። ፊደል ገበታችን ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን ለየብቻ እንጽፋቸዋለን፣ ስንናገር ግን ሁሉም አንድ ናቸው። አ እና ዐም እንደዚያው። ስለዚህ ልጁ ፋቲሓን ሲቀራ «አልሐምዱ» ላይ ያለውና «ኢህዲነ» ላይ ያለው ለእሱ አንድ ድምፅ ነው። «ነዕቡዱ» ላይ ያለችውን ዐይን የምትባል ፊደል ደግሞ ጭራሽ ይውጣታል። ፋቲሓ በየሰላቱ የምትደጋገም ሱራ ናት። እዚያ የተበላሸ አፍ በቀን ብዙ ጊዜ ስህተቱን ይለማመዳል ማለት ነው።

«ትንሽ ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። አይስተካከልም። ትርጉም የሚለወጥበት ቦታም አለ። «ዐሊም» ሁሉን ዐዋቂ ማለት ነው፤ የአላህ ስም ነው። «አሊም» የሚያሳምም ማለት ነው፤ ለቅጣት የሚነገር ቃል ነው። ሁለቱም ቁርአን ውስጥ በብዛት አሉ። በእኛ አፍ ግን ልዩነት የላቸውም። አንድ ጊዜ ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስ በርሳቸው «ዐ በል! ዐ በል!» እየተባባሉ ይተራረማሉ።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ አለ። ጅማ ውስጥ አብዛኛው ልጅ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀለ ነው የሚያድገው። ሁለቱም ቋንቋዎች ለተጅዊድ፣ ቁርአንን አስተካክሎ ለመቅራት፣ ስንቅ ይሰጡታል። በአፋን ኦሮሞ አናባቢ ማርዘምና ማሳጠር ትርጉም ይለውጣል። «ለፈ» መሬት ነው፤ ሲረዝም «ላፋ» ለስላሳ ይሆናል። ስለዚህ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅ መድ (ድምፅ ማርዘም) ስታስተምሩት ወዲያው ይገባዋል። አማርኛ ብቻ የሚናገረው ልጅ ግን አናባቢ ማርዘም አልለመደም፤ መዱን ይቆርጠዋል። በምትኩ ማጥበቅ ያውቃል። «ነገር አለ» እና «እሱ አለ» ብሎ የተናገረው ሲጠብቅና ሲላላ ይለያቸዋል። ሸዳ ማለት ይኸው ማጥበቅ ነው። ኡስታዝ ይህን በልጁ ቋንቋ ካስረዱት አንድ ወር የሚፈጀው ትምህርት በሳምንት ያልቃል። ቋንቋውን ንቀን «ዐረብኛ ብቻ» ማለት ራሱ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ምንድነው? የዓመቱን የመጀመሪያ ሁለት ወር ለአፍ ስጡ። ቃዒዳውን፣ የፊደልና የንባብ መማሪያውን፣ ሳይጨርስ ወደ ሱራ አትሩጡ። ልጁ ከሰው አፍ ይስማ፣ የአስተማሪውን ከንፈርና ምላስ ይይ። ስልክ ላይ የሚሰማ ቂርአት ለጆሮ ጥሩ ነው፤ ልጄም ማታ ማታ ትሰማለች። ስልኩ ግን «እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አይላትም።

የያዙትን አለመመለስ

ልጆቹ ሁሉ የሚወድቁባት አንዲት ሱራ አለች፤ ካፊሩን። 6 አያ ብቻ ናት። ሦስተኛውና አምስተኛው አያ ግን ቃል በቃል አንድ ናቸው። ልጁ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሦስተኛው ይመስለውና ወደ አራተኛው ይመለሳል። እንደገና አምስተኛው፣ እንደገና አራተኛው። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ እንዲህ ስትዞር ቆይታ «ይህ ሱራ መውጫ የለውም!» ብላኛለች።

ካፊሩን ላይ ያየሁት ነገር በትልልቆቹ ሱራዎች ይባባሳል። የሚመሳሰሉ አያዎች ይበዛሉ። ሙርሰላት በምትባለው ሱራ ላይ አንድ አያ 10 ጊዜ ይመላለሳል። ልጁ አዲሱን ብቻ እየያዘ ከሄደ የድሮው ይደባለቅበታል፣ ከዚያም ይጠፋል። ዓመቱ መጨረሻ ላይ «ሁለት ጁዝ ይዟል» የተባለው ልጅ ግማሽ ጁዝ እንኳ ሳይንተባተብ አያሰማም። ይህን ሲያውቅ የሚሰማውን ሐፍረት አይቻለሁ። ብዙዎቹ ትምህርቱን የሚተዉት ያን ጊዜ ነው።

የሉህ ትምህርት ይህን ችግር በራሱ ይፈታው ነበር። ካልያዝክ አይታጠብልህም፣ አለቀ። አሁን ግን ሙራጀዓውን፣ የያዙትን መከለሱን፣ እኛው ማደራጀት አለብን። እኔ የምሠራበት መንገድ ይህ ነው። ልጁ ሲመጣ መጀመሪያ የቆየውን ያሰማል። ቀጥሎ ያለፈውን ሳምንት። በመጨረሻ አዲሱን። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ አይሠራም፤ አዲሱን ካሰማ በኋላ ልቡ ኳስ ሜዳ ነው። የቆየው ካልወጣለት አዲስ የለም። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አዲስ ነገር ጭራሽ አልሰጥም።

ቤት ውስጥ ብዙ አይጠበቅባችሁም። ቡና ሲፈላ አንድ ሱራ ያሰማችሁ። እናንተ ባታውቁት እንኳ ሙስሐፉን ገልጣችሁ ተከታተሉ። በሰላቱም የቆየውን እየቀያየረ ይቅራ፤ ብዙ ልጅ ሰላቱን በአጫጭሮቹ ሱራዎች በኢኽላስና በከውሰር ብቻ ነው የሚጨርሰው።

ሙስሐፍ መቀያየር

አጭር ነገር ናት፣ ግን ትጎዳለች። ልጅ የሚይዘው ቃሉን ብቻ አይደለም። አያው ከገጹ የትኛው ጥግ እንዳለ ዓይኑ ይይዛል። ቤት አንድ ዓይነት፣ መድረሳ ሌላ ዓይነት፣ አያቱ ጋ ሦስተኛ ዓይነት ሲሆን ይምታታበታል። የገጽ አቀማመጡ አንድ የሆነ ሙስሐፍ ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ይሂድ።

የክረምት ተማሪ ማድረግ

በሐምሌና በነሐሴ መድረሳው ይሞላል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡም ልጅ ደጅ አያስቆምም፣ እናትም ትንሽ እፎይ ማለት ትፈልጋለች። መስከረም ሲጠባ ግማሹ ይጠፋል። በሚቀጥለው ክረምት ይመጣና እንደገና ከአሊፍ እንጀምራለን። አራት ክረምት አሊፍ፣ ባ፣ ታ ያለ ልጅ አውቃለሁ። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

የጅማ ልጅ ሌላም ፈተና አለበት፤ ቡና። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው። አጋሮና ማና በኩል ዘመድ ያለው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። ይህን አልቃወምም። የብዙ ቤት የዓመት ጉርስ እዚያ ነው ያለው። ስህተቱ ለኡስታዝ ሳይናገሩ መጥፋት ነው። አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አዲስ ነገር አይሰጡትም፣ እዚያ ሆኖ የሚደጋግመውን ይለዩለታል። አንድ ልጅ ባለፈው ዓመት ከለቀማ ሲመለስ የወሰደውን አምስት ሱራ አንድም ሳይጥል መለሰልኝ። ከቡናው ዛፍ ሥር ከአጎቱ ልጆች ጋር እየተቀባበሉ ሲቀሩ ከረሙ።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ባስተዳደሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932፣ አገሩ በቂርአት የታወቀ ነበር። ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ስንቁን ይዞ፣ አገር አቋርጦ ሸኽ ዘንድ ይመጣል፤ ዓመታትም ይቀመጣል። የዛሬው ልጅ እንዲያ ይኑር አልልም። ያንን ትምህርት ግን በሁለት የዝናብ ወር መጠበቅ አይሆንም።

ረመዷንን እንደ ሌላው ወር መቁጠር

ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚገባ አንዳንዴ ፈተና ላይ፣ አንዳንዴ ዕረፍት ላይ ይወድቃል። ልጁ የረመዷንን የምሽት ሰላት፣ ተራዊሕ፣ ቆሞ ያመሻል፣ ሱሑር ሊበላ ከንጋት በፊት ይነሳል፣ ቀን ትምህርት ቤት ይውላል። በዚህ ላይ አዲስ ሂፍዝ መጫን ግፍ ነው። ጭራሽ ማስቀረትም ያንኑ ያህል ያሳዝነኛል። ያን ወር ለሙራጀዓ ብቻ ስጡት። ኢማሙ ተራዊሕ ላይ የያዘውን ሱራ ሲቀራ ልጁ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ልጁን ከአርጩሜ ጋር ማስረከብ

ልጁን አምጥቶ «ካላጠና ግረፍልኝ» የሚል አባት አሁንም አለ። እኔ ተገርፌ ነው የቀራሁት። ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው የዱላውን ድምፅ ነው፤ የያዝኩትን ሱራ ግን እንደገና ትልቅ ሆኜ ነው የያዝኩት። የፈራ ልጅ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል። ዐይንና ሐ ደግሞ ከዚያው ከጉሮሮ ነው የሚወጡት። አታስመቱ፣ ሲመታም ዝም አትበሉ።

ሴት ልጅን ለቤት ሥራ ማስቀረት

ጁዝ ዐማን የጨረሰች የ10 ዓመት ልጅ በድንገት ትቀራለች። ሲጠየቅ «ታናሿን ትይዛለች»፣ «እንግዳ መጣ» ይባላል። ወንድሟ ግን ይመጣል። ከማደምጣቸው ልጆች አፋቸው ከተስተካከለው ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አንድ ሰዓት ነው የምንለምናችሁ። ሳህኑ ይቆይ።

ኸትሙን ለእንግዳ ማድረግ

ዓመቱ ሲያልቅ ኸትም የምንለው የማጠናቀቂያ ዝግጅት ይኖራል። ነጭ ጀለቢያ፣ ሽልማት፣ ብስኩትና ለስላሳ። ልጅ በድካሙ መደሰት አለበት፤ ድግሱንም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት የተመረጠች ሱራ ብቻ ሲያለማምዱ መክረም ጥሩ አይደለም። በእንግዳ ፊት ያምራል፣ የዓመቱን ትምህርት ግን አያሳይም። ልብስ መግዛት ያልቻለች እናት ልጇን በዚያ ቀን ስታስቀረውም አይቻለሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀላል ልብስ ይሁን፤ የሌለውም አያፍርም።

ባለፈው ዓመት እኛ መድረሳ አንድ ነገር ሞከርን። ከእንግዶቹ አንድ ሽማግሌ ጁዝ ዐማን በዘፈቀደ ገለጡና አንድ አያ ቀሩ። ልጆቹ ከዚያ እንዲቀጥሉ ነበር። ተራው ያቺ «መውጫ የለውም» ያለችኝ ልጅ ላይ ደረሰ። የወጣላት ካፊሩን ነው። አራተኛው ላይ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። አዳራሹ ጸጥ አለ። አምስተኛውን አለች፤ ትንፋሽ ወሰደች፤ ስድስተኛውን አለችና ወደ እኔ ዞራ «ወጣሁ!» አለች።