ስትሮክ፣ የአንጎል የፍሳሽ መስመር እና የአስታማሚው ድርሻ

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ የስትሮክ ሕመምተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ አንጎል የራሱ የፍሳሽ መስመር ያለው መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግሊምፋቲክ ብለው የሰየሙት ይህ ሥርዓት፣ በደም ሥሮች ዙሪያ ባሉ ክፍተቶች ፈሳሽ እያስገባ እንደ አሚሎይድ ቤታ (የፕሮቲን ዓይነት) ያሉ ተረፈ ምርቶችን ጠርጎ ያወጣል። ስትሮክ ሲከሰት ግን መስመሩ ራሱ የጉዳት መንገድ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የደም ሥሮቹ ሲኮማተሩ ፈሳሹ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አንጎል ይገባና እብጠቱን ያስጀምራል።

ስለዚህ ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር «ምች ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ በእኔ እምነት በከተማችን ብዙ ውድ ሰዓት የሚባክነው በዚህች ቃል ነው። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት መዝግበው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ። ሕመምተኛው መዋጥ መቻሉን ባለሙያ ሳያረጋግጥ፣ ትን እንዳይለው፣ ውሃም ሆነ ጠበል በአፉ አይስጡት።

ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ የግፊት መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ የአንጎሉን ፈሳሽ ከሚገፉት ኃይሎች አንዱ የደም ሥሮች ትርታ ነው፣ ከፍተኛ ግፊት ደግሞ ትርታውን ያውካልና። እንቅልፍ የአንጎሉን ጠረጋ ምን ያህል እንደሚያግዝ ተመራማሪዎች አሁንም ቢከራከሩም፣ ጠያቂዎች በቀን እንዲመጡ ማድረግና የማታውን ቡና ማስቀረት አይጎዳም። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።