ኖትን ወደ ኪሎሜትርና ወደ ሜትር ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት በአብዛኛው የሚነገረው በኖት ነው። አንድ ኖት ማለት በአንድ ሰዓት አንድ የባሕር ማይል መጓዝ ሲሆን፣ የባሕር ማይል ርዝመት እ.ኤ.አ. በ1929 ሞናኮ ውስጥ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የሃይድሮግራፊ ጉባኤ ልክ 1852 ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ አንድ ኖት 1.852 ኪሎሜትር በሰዓት ነው፤ ሂሳቡ ከዚህ የበለጠ ውስብስብነት የለውም። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከማባዛቱ ሳይሆን፣ የተሰጠው ቁጥር በየትኛው መለኪያ እንደተጻፈና የምንን ፍጥነት እንደሚገልጽ ሳያረጋግጡ ወደ ስሌት ከመግባት ነው።

የባሕር ማይልን ከየብስ ማይል ጋር ማምታታት

የየብስ ማይል 1609.344 ሜትር ነው፤ የባሕር ማይል ከዚህ በ15 በመቶ ገደማ ይረዝማል። በ20 ኖት የምትጓዝ መርከብ በሰዓት 37 ኪሎሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ቁጥሩን በ1.609 ያባዛ ሰው ግን 32 ኪሎሜትር ብቻ ያገኛል። ከአሥር ሰዓት ጉዞ በኋላ ልዩነቱ ወደ 48 ኪሎሜትር ይደርሳል። በአንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ ሰነዶች ላይ የሚገኘው የ6080 ጫማ የባሕር ማይል ከዛሬው የሚበልጠው በ1 ሜትር ከጥቂት ብቻ ስለሆነ፣ ለፍጥነት ስሌት አያሳስብም።

«ኖት በሰዓት» ብሎ መጻፍ

ኖት ሰዓቱን በራሱ ውስጥ ይዟል። የጥንት መርከበኞች አንዲት ጣውላ በገመድ አስረው ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር፤ በገመዱ ላይ በየ47 ጫማ ከ3 ኢንቹ፣ ማለትም በየ14.4 ሜትሩ፣ ቋጠሮ (በእንግሊዝኛ «ኖት») ይኖራል። የ28 ሰከንዱ የአሸዋ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ በእጃቸው ሾልከው የወጡት ቋጠሮዎች ቁጥር የመርከቧ ፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም በ28 ሰከንድ 14.4 ሜትር መሄድ በሰዓት ከአንድ የባሕር ማይል ጋር እኩል ይሆናል። በመሆኑም «12 ኖት በሰዓት» ማለት በቀጥታ ሲነበብ ፍጥነቱ በየሰዓቱ በ12 ኖት እየጨመረ ነው ማለት ይሆናል። «በሦስት ሰዓት 36 ኖት ተጓዝን» የሚለውም እንዲሁ ትክክል አይደለም፤ የተጓዙት 36 የባሕር ማይል ነው፣ ፍጥነታቸው 12 ኖት ነበር።

ማባዛትና ማካፈልን መገላበጥ

ከኖት ወደ ኪሎሜትር በሰዓት ሲኬድ በ1.852 ይባዛል፤ ወደ ኋላ ሲመለሱ ለዚያው ቁጥር ይካፈላል። የኪሎሜትሩ ቁጥር ሁልጊዜ ከኖቱ ቁጥር እጥፍ ትንሽ ያንሳል፤ ከኖቱ በታች ከወረደ ስሌቱ ተገላብጧል ማለት ነው። በሜትር በሰከንድ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ኖት 0.5144 ሜትር በሰከንድ ስለሆነ የሜትሩ ቁጥር የኖቱ ግማሽ ያህል ነው። ለምሳሌ 18 ኖት 33.3 ኪሎሜትር በሰዓት ወይም 9.26 ሜትር በሰከንድ ነው። «እጥፍ ነው» የሚለውን ለኪሎሜትር የለመደ ሰው ለሜትርም ከተጠቀመበት፣ የ18 ኖት ነፋስን 36 ሜትር በሰከንድ ያደርገዋል፤ ይህም 70 ኖት፣ ከ64 ኖት ከሚጀምረው የሀሪኬን (እጅግ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ደረጃ በላይ ነው።

የነፋስን ቁጥር መለኪያውን ሳያዩ ማንበብ

ከሁሉም በላይ አደገኛው ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የአየር ትንበያ አፕሊኬሽኖች የነፋስን ፍጥነት በኖት፣ በኪሎሜትር በሰዓት ወይም በሜትር በሰከንድ ያሳያሉ፤ ምርጫው በቅንብሩ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ስልክ የቀየረ ወይም አፕሊኬሽኑን እንደ አዲስ የጫነ ሰው ያልለመደው መለኪያ ሊያጋጥመው ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን 15 እንውሰድ። 15 ኪሎሜትር በሰዓት ከሆነ 8 ኖት ያህል ነው፤ የነፋስን ኃይል ከ0 እስከ 12 በደረጃ በሚለየው የቦፎርት መለኪያ 3ኛ ደረጃ፣ ለስላሳ ነፋስ። 15 ኖት ከሆነ 4ኛ ደረጃ ነው። 15 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ግን 29 ኖት፣ ማለትም 7ኛ ደረጃ፣ ለትንሽ ጀልባ ከወደብ መውጣት የማይመከርበት ነፋስ ነው። በዚያ ላይ የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ በ15 ሜትር በሰከንድ የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን የሚገፋው ከ15 ኖቱ ነፋስ አራት እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ነው። የአየር ማረፊያ ሪፖርቶችም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በብዙ አገሮች ነፋሱ በኖት ሲሰጥ በሩሲያና በቻይና በሜትር በሰከንድ ይሰጣል። ስለዚህ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ምልክት ሳያነቡ ቁጥሩን መተርጎም አይገባም።

ግምትን እንደ ስሌት መቁጠር

በቃል ለማስላት ኖቱን እጥፍ አድርጎ ከውጤቱ አንድ አሥረኛ መቀነስ ጥሩ ዘዴ ነው፤ 120 ኖት በዚህ መንገድ 216 ኪሎሜትር በሰዓት ይሆናል፣ ትክክለኛው ግን 222 ገደማ ነው። ለወሬ ይበቃል፤ የመድረሻ ሰዓትን ወይም ነዳጅን ለማስላት ግን አይበቃም። ቁጥሩን በየደረጃው እያጠጋጉ መሄድም ስህተቱን ያከማቻል፤ ማጠጋጋት ያለበት የመጨረሻው ውጤት ብቻ ነው። የዚህ ተቃራኒም አለ፦ «10 ኖት ገደማ» የተባለውን ግምት «18.52 ኪሎሜትር በሰዓት» ብሎ መጻፍ ያልነበረ ትክክለኛነት መጨመር ነው።

ደቂቃን እንደ አስርዮሽ መጻፍ

2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ 2.20 ሰዓት አይደለም፤ 2.33 ነው። 42 የባሕር ማይል በዚህ ጊዜ የሄደች መርከብ ፍጥነቷ 18 ኖት ሲሆን፣ ለ2.20 ያካፈለ ሰው 19.1 ያገኛል። ከዚያ በኋላ ወደ ኪሎሜትር የሚደረገው ቅየራ የቱንም ያህል ጥንቃቄ ቢታከልበት የተሳሳተውን ቁጥር ነው የሚቀይረው።

ርቀትን በተሳሳተው የካርታ ጠርዝ መለካት

አንድ የባሕር ማይል ከአንድ የኬክሮስ ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስልሳኛ) ጋር እኩል ሊባል ስለሚችል፣ በባሕር ካርታ ላይ ርቀት የሚለካው በግራና በቀኝ ጠርዝ ባለው የኬክሮስ መስፈርት ነው። በላይና በታች ጠርዝ ያለው የኬንትሮስ መስፈርት የሚወክለው ርቀት ግን ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ይጠባል፤ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ አንድ የኬንትሮስ ደቂቃ የባሕር ማይል ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በእርሱ የተለካ ርቀት ከእውነቱ እጥፍ ሆኖ ይወጣል፣ ከእርሱ የተሰላው ፍጥነትም እንዲሁ።

ትክክለኛውን ቅየራ በማይገባው ፍጥነት ላይ ማድረግ

በመጨረሻም ሂሳቡ ሁሉ ልክ ሆኖ ውጤቱ የማይጠቅምበት ጊዜ አለ። የመርከብ ፍጥነት መለኪያ የሚያሳየው መርከቧ በውኃው ውስጥ የምትሄድበትን ፍጥነት ሊሆን ይችላል፤ ጂፒኤስ የሚያሳየው ደግሞ ከምድሩ አንጻር ያለውን ነው። በአውሮፕላንም የመሣሪያው ንባብ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ከእውነተኛው የአየር ፍጥነት ያንሳል፣ ከዚያ ላይ የነፋሱ አቅጣጫ ይታሰባል። መርከቧ በውኃው ውስጥ በ12 ኖት እየሄደች ውኃው በ3 ኖት ፊት ለፊቷ ቢፈስ፣ ከምድሩ አንጻር የምትጓዘው በ9 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 16.7 ኪሎሜትር ነው፤ 12ቱን ኖት ወደ 22.2 ኪሎሜትር የቀየረ ሰው ግን የ90 የባሕር ማይሉን ጉዞ በ7 ሰዓት ተኩል እጨርሳለሁ ብሎ ያቅዳል፣ ጉዞው ግን 10 ሰዓት ይፈጃል።